የ«አበበ» የመጨረሻ ፊደል የት ገባ?

ይህን ክር (ጥያቄና ምላሾቹ ያሉበትን የኢንተርኔት ውይይት) የከፈትኩት እኔ ነኝ። ምላሹ በዝቶ፣ ወሬውም መሀል ላይ ወዲያና ወዲህ ስላለ፣ ነገ ተመሳሳይ ችግር የሚገጥመው ሰው መልሱን ፈልጎ እንዳያጣው ከላይ እስከ ታች በራሴ አባባል አሰባስቤዋለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም። ቁጥሮቹ የምላሾቹ ተራ ናቸው።

ጥያቄዬ

ለሰፈራችን እድር የወር መዋጮ መመዝገቢያ የምትሆን ትንሽ ድረ ገጽ ሠርቻለሁ። ኮዱ ፒኤችፒ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ ዳታቤዙ ኤስኪውላይት። ከ400 በላይ አባላት አሉን። ስማቸው ከኤክሴል ነው የመጣው፤ ሙሉ ስም ከነአያት በአንድ ሳጥን ውስጥ ተጽፏል።

ብዙዎቹ ስሞች መጨረሻቸው ላይ የማይታይ ስፔስ ተለጥፎባቸው ነበር። በስም ስፈልግ ሰውየው የለም ይለኛል፤ ዝርዝሩን ስከፍት ግን እዚያው ቁጭ ብሏል። ትሪም አደረግኩት፣ ማለትም ከጽሑፍ ጫፍ ስፔስ የሚያነሳውን ትእዛዝ ሰጠሁት፤ አልጠፋም። በኋላ ስመረምረው ተራ ስፔስ አይደለም። መስመር ሲያልቅ ሁለት ቃል እንዳይለያይ የሚያደርገው፣ ቁጥሩ 160 የሆነው ስፔስ ነው። ከድረ ገጽ ኮፒ ሲደረግ ብዙ ጊዜ አብሮ ይመጣል። ኢንተርኔት ላይ መፍትሔ ፈለግኩና አንድ መስመር አገኘሁ፦ ለትሪም የዚህን ስፔስ ሁለት ባይቶች (ኮምፒዩተሩ ጽሑፍ የሚያስቀምጥባቸውን ቁጥሮች)፣ 194ን እና 160ን፣ እንዲያጠፋ መስጠት። ሠራ። ፍለጋውም ተስተካከለ።

በቀጣዩ እሁድ በእድሩ ስብሰባ ላይ አንድ አባት ደረሰኛቸውን ይዘው ወደኔ መጡ። ወረቀቱን አራት አጥፈውታል። ዘረጉትና አውራ ጣታቸውን ስማቸው ላይ አደረጉ። የአያታቸው ስም አበበ ነው። ደረሰኙ ግን «አበ» ይልና ከጎኑ በጥቁር ዳይመንድ ውስጥ የጥያቄ ምልክት አለው። ጋሼ አልተቆጡም። ይሄ የአያቴ ስም አይደለም፣ አስተካክልልኝ ልጄ፣ ብለው ብቻ ወረቀቱን ሰጡኝ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ከበደኝ። ሰው እድር የሚገባው በመጨረሻው ቀን ስሙ በትክክል እንዲጠራ ጭምር ነው።

ቤት ገብቼ ስቆጥር 27 ስሞች እንደዚሁ ሆነዋል። አበበ ተሰብሯል። ደበበ፣ በለጠ ተሰብረዋል። ከበደ፣ አየለ፣ ወርቁ፣ ታደሰ ደህና ናቸው። ለምን እነሱ ብቻ? ጥያቄዬ ይሄ ነበር።

ምላሾቹ

1. የመጀመሪያው ሰው በትህትና ነው የመጣው። ኮዱን ሳያይ ምንም ማለት እንደማይችል ገልጾ ሁለት ነገር ጠየቀኝ፦ ትሪም ያደረግኩበትን መስመር እንድለጥፍ፣ እና አበበ የሚባል ሁሉ ተሰብሮ እንደሆነ እንዳረጋግጥ። ሁለተኛው ጥያቄ ነው ዓይኔን የከፈተልኝ። ሄጄ አየሁ። የራሱ ስም አበበ የሆነ አባል ምንም አልሆነም። የአባቱ ስም አበበ የሆነም ደህና ነው። የተሰበረው አበበ ከሳጥኑ መጨረሻ ላይ ሲመጣ፣ ማለትም የአያት ስም ሲሆን ብቻ ነው።

2. ፎንት ነው አለ። የአማርኛ ፎንት ካልተጫነ እንደዚያ እንደሚያሳይ፣ ጭኖ እንደገና ማተም እንደሚበቃ ጻፈ።

3. ይህችኛዋ 2ኛውን አረመችው፤ በጨዋ አነጋገር። ፎንት ሲጎድል የሚታየው ባዶ ሳጥን ነው። ጥቁሩ ዳይመንድ ከነጥያቄ ምልክቱ ሌላ ነገር ነው የሚናገረው፦ እዚህ ቦታ ላይ የመጡት ባይቶች ፊደል ሊሆኑ አልቻሉም ማለት ነው። ስለዚህ ችግሩ ከማሳያው ሳይሆን ከጽሑፉ ውስጥ እንደሆነ ነገረችን። ልዩነቱን ቀድሜ ባውቀው ኖሮ ሁለት ቀን አልባክንም ነበር።

4. እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። ሰውየው በ21ኛው ክፍለ ዘመን ፒኤችፒ የሚጽፍ ሰው የእጁን ያገኛል የሚል ሐሳብ ነው ያለው። ፓይተን የሚባለውን ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ ብጠቀም ኖሮ፣ እንደ ትሪም የምትሠራው ስትሪፕ የምትለዋ አንዲት ቃል 160 ቁጥርንም ጠርጋ ትጥልልኝ እንደነበር፣ ጥያቄውም እንደማያስፈልግ ጨመረ። ያነሳው ነገር እውነት ነው፤ የፓይተን ስትሪፕ ባዶውን ከተዉት ያንን ስፔስ ያጠፋል። አነጋገሩ ግን ለጠያቂ አይመችም ነበር።

5. ለ4ኛው የተሰጠ መልስ ነው። ከክሩ ውስጥ ካስቀመጥኳቸው አንዱ ይሄ ነው። ጸሐፊዋ ፓይተንም ቢሆን እንደሚነክስ ከራሷ ሥራ ተነስታ አሳየች። የደንበኞች ዝርዝር ላይ ከስም በፊት ያለውን «ወ/ሮ» ማንሳት ፈልጋ ለስትሪፕ «ወ/ሮ» ብላ ከነስፔሱ ሰጠችው። ወ/ሮ አልማዝ፣ አልማዝ ሆነች። ጥሩ። ወ/ሮ ወርቅነሽ ግን «ርቅነሽ» ሆና ወጣች። ወ/ሮ ሮማን ደግሞ «ማን»። አቶ አበበ ላይ ያንኑ ብታደርግ «በበ» ነው የሚቀረው። ምክንያቱም ስትሪፕ የሚሰጠውን ነገር እንደ ቃል አያየውም። የፊደሎች ከረጢት አድርጎ ነው የሚወስደው። ወ፣ እዝባር (/)፣ ሮ፣ ስፔስ፤ ከጫፍ ጀምሮ ከእነዚህ አንዱን ባገኘ ቁጥር ያነሳል፣ ሌላ እስኪያጋጥመው ድረስ። መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ2020 በፓይተን 3.9 የመጣው ሪሙቭ ፕሪፊክስ ነው፤ እሱ ቃሉን እንደ ቃል ነው የሚያየው።

4ኛው ለዚህ መልስ አልሰጠም። ከ5ኛው የተማርኩት ግን ለ6ኛው መንገድ ጠርጎልኛል፤ ከረጢት የሚለውን ነገር ይዛችሁ ቆዩ።

6. መልሱ ይህ ነው። ጸሐፊው ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ቁጥር በቁጥር አስቀመጠው። በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን በባይት የመጻፊያ ደንብ) አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። በ ማለት 225፣ 137፣ 160 ነው። ጠ 225፣ 140፣ 160። አሁን ወደ ትሪሜ እንመለስ። የፒኤችፒ ትሪም ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ባይት ነው። እኔ 194ን እና 160ን የሰጠሁት ሁለቱ ተያይዘው ሲመጡ እንዲያጠፋ ብዬ ነው። እሱ ግን እንደ ፓይተኑ ስትሪፕ ከረጢት አድርጎ ያዛቸው። ከመጨረሻ እየመጣ 194 ወይም 160 ባየ ቁጥር ይቆርጣል። የማይታየውን ስፔስ ቆረጠ። ቀጥሎ አበበ ላይ ደረሰ። የመጨረሻው በ የመጨረሻ ባይት 160 ነው፤ እሱንም ቆረጠው። ከፊደሉ የቀሩት 225 እና 137 ብቻቸውን ፊደል አይሆኑም። ጥቁሩ ዳይመንድ ያ ነው።

ከበደ ለምን ተረፈ? ደ 225፣ 139፣ 176 ስለሆነ ነው። መጨረሻው 176 ነው፤ ከረጢቱ ውስጥ የለም። ከፊት በኩል ደግሞ ምንም አይነካም፤ ሁሉም ፊደል በ225 ስለሚጀምር።

ስንት ፊደል ነው በዚህ የሚጠቃው ብዬ እኔም ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። ዩኒኮድ (ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው ሰንጠረዥ) ውስጥ እያንዳንዱ የፊደል ቤተሰብ ስምንት ስምንት ቦታ ተሰጥቶታል፤ መጨረሻው ባይት ደግሞ በየ64 ቦታው ይደገማል። ስለዚህ በየስምንት ቤተሰቡ አንድ ግዕዝ ፊደል ይወድቃል፦ ሠ፣ በ፣ አ፣ ዠ፣ ጠ። አምስት ፊደል ብቻ። ለዚህ ነው ሙከራ ሳደርግ ያላየሁት። የሞከርኩት በራሴ ስም ነበር፤ በእነዚህ አያልቅም።

7. እኔ ነኝ። የ6ኛውን ነገር ለማረጋገጥ ሁለት ስም አስገባሁ፦ አንዱን «ታደሰ» ብዬ በንጉሡ ሳይሆን በእሳቱ ሰ፣ ሌላውን «ታደሠ» ብዬ በንጉሡ ሠ። የመጀመሪያው ደህና ገባ። ሁለተኛው ተሰበረ። አንድ ድምፅ፣ አንድ ስም፣ በፊደሉ ምክንያት አንዱ ደህና አንዱ ስብር። ያንን ስክሪን ሳይ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

8. መፍትሔውን በአጭሩ አስቀመጠ። ፒኤችፒ 8.4 ካለኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ የወጣው ማለት ነው፣ ኤምቢ ትሪም የሚባል ፊደልን እንደ ፊደል የሚያይ ፋንክሽን መጥቷል። ከሌለኝ በፕሬግ ሪፕሌስ መሥራት እንዳለብኝ፣ ከሬጄክሱ (የሚፈለገው ጽሑፍ ምን እንደሚመስል ከሚገልጸው መስመር) መጨረሻ ላይ ግን ዩ የምትለዋን ምልክት በፍጹም እንዳልረሳ አስጠነቀቀ። ያቺ አንዲት ፊደል ናት ባይት ከማየት ወደ ፊደል ማየት የምታሻግረው። ሰርቨራችን አሮጌ ስለሆነ ሁለተኛውን ወሰድኩ።

9. የሒሳብ ባለሙያ ነኝ ባይ መጣ፤ ለምን ኮድ ውስጥ ትገባላችሁ፣ ኤክሴሉ ላይ ጨርሱት አለ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። የኤክሴል ትሪም የሚያነሳው ተራውን ስፔስ፣ 32 ቁጥርን ብቻ እንደሆነ ገለጸ። ክሊን የሚባለው ደግሞ ከ0 እስከ 31 ያሉትን ነው። 160 በሁለቱም መሀል ሾልኮ ያልፋል። ስለዚህ በሰብስቲቲዩት 160ን ወደ ተራ ስፔስ መቀየር፣ ከዚያ ትሪም። በዚህ ቅደም ተከተል። እሱ በየወሩ የሚመጣለትን የደመወዝ ዝርዝር እንደዚህ እንደሚያጸዳው ነገረን።

10. የምትኖረው እስራኤል ነው። ዝርዝራቸው ዕብራይስጥና አማርኛ የተቀላቀለበት ነው። ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚጻፍ አቅጣጫ የሚጠቁም የማይታይ ምልክት፣ ቁጥሩ 8207፣ ከስሞቹ ጋር ተጣብቆ ይመጣባታል። ስሙ ለዓይን አንድ ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ሁለት የተለያየ ሰው ነው። የእኔ 160 ቢያንስ ስፔስ ነው፤ የሷ ስፋት እንኳ የለውም። የፓይተን ስትሪፕም ሆነ የጃቫስክሪፕት ትሪም አይነካውም፤ ስፔስ ተብሎ አልተመደበምና።

11. ከዱባይ የጻፈው ደግሞ ስልክ ቁጥር ላይ ያንኑ እንዳየ ነገረን። ከስልክ ማውጫ ኮፒ የተደረገ ቁጥር ከፊቱ 8234፣ ከኋላው 8236 ይዞ ይመጣል። ወደ አገር ቤት ገንዘብ የሚልኩ ሰዎችን ቁጥር የሚመዘግብ ፎርም ሠርቶ ግማሹ ቁጥር ልክ አይደለም እያለ ሲመልስበት ነው ያገኘው። ሰዎቹ ትክክለኛ ቁጥር እያስገቡ ነው፤ ፎርሙ ግን ይመልሳቸዋል። ከዚያ በኋላ ስልክ ላይ ከ0 እስከ 9 ካሉት ቁጥሮችና ከመደመር ምልክቱ በቀር ሁሉንም ያስወግዳል። ለስልክ ይሄ ልክ ነው። ለስም ግን አይሆንም፤ ቀጥሎ የመጣው ጠብ የተነሳው ከዚህ ነው።

12. እንግዲያው ለስምም ያንኑ አድርጉት የሚል ሐሳብ። ከሀ እስከ ፐ ካሉት ፊደሎችና ከስፔስ በቀር ሁሉንም አጥፉ፣ አንድ መስመር ሬጄክስ ነው፣ ተገላገሉ አለ። ሬጄክሱንም ለጠፈው። ሦስት ሰው አመሰገነው።

13. ይህኛው ሰው ተቆጥቷል። ያንን መስመር የሚጠቀም ሰው «አውሮፓ» የሚለውን ቃል አስገብቶ ምን እንደሚወጣ እንዲያይ ጠየቀ። የሚወጣው «አውሮ» ነው። ፓውሎስ «ውሎስ» ይሆናል። ፖሊስ «ሊስ»። ስናወራ ከሀ እስከ ፐ እንላለን፤ ፊደል ገበታ ላይ የመጨረሻው ቤተሰብ ፐ ነው። ኮምፒዩተሩ ግን ቤተሰብ አያውቅም። ፐ ቁጥሩ 4944 ነው፤ ፑ፣ ፒ፣ ፓ፣ ፔ፣ ፕ፣ ፖ ከሱ በኋላ ነው የሚመጡት። ሬጄክሱ ፐ ላይ ቆሞ ልጆቹን ውጭ ጥሎ በሩን ዘጋ። ከዚህም ሌላ እዝባሩን አጥፍቶታል፤ ገ/ሥላሴ «ገሥላሴ» ሆኗል። ሰውየው በቁጣ የጨመረው ነገር፣ ሳይሞክሩ ሰው ስም ላይ ኮድ መለጠፍ ነውር ነው የሚል ነው። ቃሉ ከበድ ይላል። እኔ ግን ከ13ኛው ጎን ነኝ። የኔም ጥፋት ያገኘሁትን መስመር ሳልሞክር መለጠፌ ነበር።

14. 12ኛው ተመልሶ መጣ። ቅር ብሎታል። እሱ ያንን መስመር ለዓመታት ሲጠቀም ማንም እንዳላማረረ ጻፈ።

15. ለ14 መልስ። አለማማረራቸው አለመሰበሩን አያሳይም፤ ፓውሎስ ዝርዝሩን ካላየው አያማርርም። አጭር ነበረች። 14ኛው ዝም አለ።

16. ሰላም ፈጣሪ መጣ፤ ሁለቱንም አመስግኖ የተሻለውን መንገድ አሳየ። የፊደል ተራ ከመጻፍ ይልቅ ኢትዮፒክ የሚባለውን የጽሕፈት መለያ መጠቀም ነው። በፒኤችፒም፣ በጃቫም፣ በጃቫስክሪፕትም ሬጄክስ ይቀበለዋል። የፓይተን መደበኛው ሬጄክስ አይቀበለውም፤ ሬጄክስ የሚባለውን ሌላ ላይብረሪ መጫን ይጠይቃል። ጃቫስክሪፕት ላይ ደብሊው የምትባለዋ የሬጄክስ ምልክት ተራውን የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቁጥርና የሥር መስመር (_) ብቻ እንደምታውቅ፣ በሷ ያጸዳ ሰው አማርኛውን በሙሉ ጠርጎ እንደሚጥልም አስታወሰን።

17. ከዚህ በኋላ ወሬው ሄደ። አንዱ ሁለት ነጥብን አነሳ። የቃል መለያው ፡ በዩኒኮድ የተመደበው ከሥርዓተ ነጥብ ነው እንጂ ከስፔስ አይደለም። ስለዚህ ድሮ በሁለት ነጥብ የተጻፈ ጽሑፍ በስፔስ ስትከፍሉት ገጹ በሙሉ አንድ ቃል ሆኖ ይመጣል። ካጠፋችሁት ደግሞ ቃሎቹ ይጣበቃሉ። በስፔስ መተካት ነው ያለበት።

18. በስፔስ መተካት የሚለውን ሌላ ሰው አረመው፤ ይሄም ልክ ነበር። ብዙ ሰው አራት ነጥብ የሚጽፈው ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ በመምታት ነው። ዝም ብለህ ከተካህ የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይጠፋል። መጀመሪያ ድርብ ሁለት ነጥቡን ወደ ። መቀየር፣ ከዚያ የቀረውን ወደ ስፔስ። በተጨማሪ ከቀኑ 8፡30 ብሎ ሰዓት የሚጽፍ አለ። እሱ ላይ ከሁለቱም ጎን ቁጥር ካለ አትንካው የሚል ደንብ ያስፈልጋል።

19, 20, 21. ስለ ኪቦርድ ነው። የስልክ ኪቦርድ ላይ አራት ነጥብ የት እንደተደበቀች፣ ማን የትኛውን ይጠቀማል፣ የትኛው ይፈጥናል። ደስ የሚል ወሬ ነበር፤ ለጥያቄው ግን አይጨምርም። አልፈዋለሁ። ከመሀል አንዱ የጠቀሳት አንዲት ነገር ብቻ ትቆጠርልኝ፦ የግዕዝ ቁጥሮችን ፓይተን አኃዝ ናቸው ብሎ ይቀበልና፣ ወደ ቁጥር ቀይርልኝ ስትሉት ግን ስህተት ይመልሳል። ዓመት በ፩ እና በ፪ የሚጽፍ ሰነድ የምታጸዱ ከሆነ ይህን አስቡ።

22. ሞክሼ ፊደላት ገቡ። አንዱ ማጽዳት ከተጀመረ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ጠቅልሎ መሄድ ነው አለ። ፍለጋ ላይ እንደሚሠራ፣ ዓለሙንና አለሙን ካላገናኘ ተጠቃሚው ምንም እንደማያገኝ ጻፈ። ሃንና ሀን፣ ኣንና አን መርሳት እንደማይገባም ነገረን፤ ድምፃቸው አንድ ነውና።

23. ተቃውሞው ወዲያው መጣ፤ በስለት። ሰረቀ ሌባ ነው፤ ሠረቀ ፀሐይ ናት። ሰአሊ የሚለምን ነው፤ ሠዓሊ ሥዕል የሚሥል። የሰው ስም ደግሞ የባለቤቱ ነው። ሥዩም ብሎ እናቱ ያወጣችለትን ስዩም የማለት መብት ለፕሮግራመር ማን ሰጠው ብሎ ጠየቀ።

እኔ እዚህ ላይ ገባሁ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የተለያዩት ቦታ ላይ ነው። ለፍለጋ ሌላ ዓምድ አዘጋጃለሁ፤ እዚያ ውስጥ ሁሉም ወደ አንድ ይጠቀለላል፤ ማንም አያየውም፤ አይታተምም። ደረሰኝ ላይ የሚወጣው ግን ሰውየው እንደጻፈው ነው። 22ኛው ተስማማ። 23ኛውም ተስማማ፣ ዓምዱ መቼም እንዳይታተም በሚል ማስጠንቀቂያ።

24. ወደ ተሰበሩት ስሞች የመለሰን ይህኛው ነው። ዋናው የኤክሴል ፋይል የት አለ ብሎ ጠየቀኝ። እውነቱን ተናገርኩ፦ ከሲስተሙ ባወጣሁት አዲስ ዝርዝር ተክቼዋለሁ፤ የድሮው የለም። ሰውየው አላለፈኝም። ጥሬውን ሳያስቀምጥ የሚያጸዳ ሰው እያጸዳ ሳይሆን እያጠፋ ነው፣ የሚል ነው መልእክቱ። መራር ነበር። ይገባኛል።

25. 6ኛው ተመለሰ። ከክሩ ሁሉ የወደድኩት ይሄን ነው። ጉዳቱ ይመለሳል አለ። ምክንያቱም ከየስሙ የተቆረጠው ባይት የትኛው እንደሆነ እናውቃለን፤ 160 ብቻ ነው ሊሆን የሚችለው፤ በ194 የሚያልቅ ፊደል የለምና። ከሱ በፊት ያለው ባይት ከ136 እስከ 140 ስለሚሆን ትሪሙ እዚያ ላይ ቆሟል፤ ሁለት አልቆረጠም። ስለዚህ በ225 እና ከ136 እስከ 140 ባሉት በአንዱ የሚያልቅ ስም ሁሉ ላይ 160ን መልሶ መቀጠል። ሌላ ምንም አያስፈልግም። 225፣ 137 የነበረው 225፣ 137፣ 160 ይሆናል፤ በ ይሆናል። የተቆረጠው ጣት መልሶ ገጠመ።

26. 3ኛዋ ናት። ቅደም ተከተሉን እንዳላዛባ ነገረችኝ። 8ኛው የሰጠኝ አዲሱ የፕሬግ ሪፕሌስ መስመር የተሰበረ ባይት ያለበት ጽሑፍ ካጋጠመው ስህተት ጮሆ አይናገርም፤ ነል፣ ማለትም ባዶ፣ ይመልሳል። ያንን ካስቀመጥኩት ስሙ እንዳለ ይጠፋል። መጀመሪያ ጥገናው፣ ከዚያ አዲሱ ኮድ። ባክአፕ ደግሞ ከሁለቱም በፊት። ይህን ባትነግረኝ ኖሮ ማታውኑ 27 ሰው ስም አልባ አደርግ ነበር።

27. ሌላ ሰው አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ ያላሰብኩትን። ስህተቱ ከታየ በኋላ ስሞቹን በእጅ ለማረም የሞከረ ሰው አለ ወይ?

28. እኔ፣ የመጨረሻው ምላሽ። ባክአፕ ወሰድኩ። 160ን ቀጠልኩ። 27ቱም ስሞች ተመለሱ፤ አንድ በአንድ አየኋቸው። የጋሼን ደረሰኝ እንደገና አተምኩት። አዲሱን ኮድ ከዚያ በኋላ አስገባሁ፤ በአምስቱም ፊደል፣ በፓውሎስና በገ/ሥላሴ ሞከርኩት።

የ27ኛውን ጥያቄ ይዤ የእድራችንን ጸሐፊ ጋ ሄድኩ። እሳቸው ጥቁሩን ዳይመንድ ቀድመው አይተውት ኖሯል። እኔን ላለማስቸገር ብለው ምልክቱን በእጃቸው አጥፍተው «አበ» ብለው የተዉት አለ፤ በ ብለው ሲጽፉት ተመልሶ እየተሰበረባቸው። እነዚህን በፍለጋ አገኘኋቸው፤ ሰባት ናቸው። «አበ» እና «በለ» ምን እንደነበሩ ግልጽ ነው። «ታደ» ላይ ትንሽ አሰብኩ፤ ከተሰበረ በንጉሡ ሠ የተጻፈ ነበር ማለት ነው፤ ታደሠ ብዬ መለስኩት።

አንዱ ግን አስጨንቆኛል። ጸሐፊዋ እንደሚያስታውሱት አንድ ሰው ላይ «ከበ» የሚል አይተው ከበደ ይሆናል ብለው ሞሉት። ሳይሰበር ስለተቀመጠላቸው ልክ መሰላቸው። ከበደ ግን መጀመሪያውኑ ሊሰበር አይችልም፤ የሚያልቀው በ«ደ» ነው። ሰውየው ከበበ ነው። አሁን ዝርዝሩ ላይ የአያታቸው ስም ከበደ የሆነ ስድስት አባላት አሉ፤ የትኛው እንደሆነ ኮዱ ሊነግረኝ አይችልም። የድሮው የወረቀት መዝገብ ከእድሩ ድንኳን ጋር መጋዘን ውስጥ ነው። ቁልፉ ያለው ሰብሳቢው ጋ ነው፤ እሁድ ጠዋት እንገናኛለን።